የካንሰር መድኃኒትና የፋርማሲስቱ ሥራ በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ርእሱ ሲነበብ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዳንድ የሕግና የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ለመውጣት እንደ ተነሡ አይቻለሁ። ቢቀመጡ አይጎዱም። የምናገረው ስለ አንድ ሙያ ክብር አይደለም። በመንግሥት ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ አንድ በሽተኛ በደም ሥሩ የሚገባውን መድኃኒት ማን ለካው? ማን ቀመመው? ማንስ ደግሞ ተመለከተው? የሚለውን ነገር ነው። ይህ የሁላችንም እናቶችና አባቶች ጉዳይ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

አባቶቻችን ይህን በሽታ ነቀርሳ ይሉታል። ያው ስም ለሳንባ በሽታም፣ ማለት ለቲቢ፣ ስለሚነገር ከገጠር የመጣ ሰው «ነቀርሳ ነው ተባልኩ» ሲል የትኛው እንደ ሆነ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለአንድ ዐይነት የደም ካንሰር የሚሰጠውን ኢማቲኒብን ጉበት ቶሎ እንዲያፈርሰው ያደርጋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ነቀርሳዎች በአንድ ሰው ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ የአንዱ ማዘዣ የሌላውን ማዘዣ ከንቱ ያደርገዋል። የቲቢው ወረቀት ከአንድ ክፍል ይወጣል፤ የካንሰሩ ወረቀት ከሌላ ክፍል። ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ማየት የማን ሥራ ነው? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

የካንሰር መድኃኒት ከሌላው መድኃኒት የሚለይበት ምክንያት በአወላለዱም ይታወቃል። ኢጣሊያ በ1935 እና በ1936 በአባቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያወረደችው የሰናፍጭ ጋዝ ምን እንደ ሠራ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የዚያ መርዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ናይትሮጅን ማስታርድ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያጠፋ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ጉድማንና ጊልማን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1942 በዬል ዩኒቨርሲቲ የንፍፊት ካንሰር ላለበት ሰው እንዲሰጥ አደረጉ። ዛሬ በየሆስፒታሎቻችን በየቀኑ የምንሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያው ቤተ ሰብ ልጅ ነው። በ1948 ደግሞ ሲድኒ ፋርበር የተባለው የቦስተን ሐኪም አሚኖፕቴሪን በሚባል መድኃኒት የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ለጊዜው እንደ ተሻላቸው ገለጠ። የዛሬው ሜቶትሬክሴት የእርሱ ወንድም ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በየገደላገደሉ የምናውቀው አጣጥ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከአገራችን ተወስዶ በአሜሪካ ሲመረመር፣ በ1972 ሜይታንሲን የሚባል እጅግ ብርቱ ንጥረ ነገር ተገኘበት። ብቻውን ሲሰጥ ጉዳቱ በዛና ተተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን የእርሱ ልጅ የሆነው ንጥረ ነገር ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣብቆ፣ ለአንድ ዐይነት የጡት ካንሰር እንዲሰጥ በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። አጣጡ የኛ፣ መድኃኒቱ ግን ዋጋው ከእኛ በሽተኛ ኪስ እጅግ የራቀ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ስለሚያስፈልገው እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ የሚያድነውና የሚገድለው ልክ እጅግ የተቀራረበ ነው። ለራስ ምታት የሚዋጥ ክኒን አንድ ሩብ ቢበልጥ ሰውየው ላያውቀው ይችላል። የካንሰር መድኃኒት አንድ ሩብ ቢበልጥ ግን መቅኔው ነጭ የደም ሕዋስ መሥራት ሊያቆም ይችላል፤ ቢያንስ ደግሞ በሽታው ይተርፋል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ከበሽተኛው የገላ ስፋት ነው። ቁመቱ በሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ በኪሎ ተባዝቶ ለ3600 ይካፈላል፤ የዚያም ዳግም ዘር ይወሰዳል። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነች ሴት የገላዋ ስፋት 1.49 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ በሽተኞቹ «ቀዩ» የሚሉት። በካሬ ሜትር 60 ሚሊ ግራም ቢታዘዝላት 90 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳታል ማለት ነው።

አሁን እዩ። ይህች ሴት መጀመሪያ ስትመጣ 62 ኪሎ ነበረች እንበል። ካርዷ ላይ ያለው እርሱ ነው። በሽታውና ማስመለሱ ካከሳት በኋላም ያው ክብደት ከገጽ ወደ ገጽ እየተገለበጠ ሲሄድ 100 ሚሊ ግራም ይታዘዝላታል። በዋርዱ ሚዛን ስላለ ብቻ በሽተኛው ይመዘናል ማለት አይደለም። ይህ መድኃኒት ደግሞ በልብ ላይ እየተጠራቀመ የሚጎዳ ስለ ሆነ በዕድሜ ልክ የሚወሰደው ድምር በካሬ ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይጠበቃል። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ የወሰደችውንም ጨምሮ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ሐኪሙ በአንድ ጧት ስንት በሽተኛ እንደሚያይ የምታውቁት ነው፤ ይህን ሁሉ ለብቻው ይቁጠር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የቁጥር ስሕተት የድሃ አገር ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1994 በአሜሪካ በቦስተን፣ እጅግ ስመ ጥሩ በሆነ የካንሰር ሆስፒታል፣ በአራት ቀን ተከፋፍሎ መሰጠት የነበረበት የሳይክሎፎስፋማይድ ልክ በእያንዳንዱ ቀን ሙሉው ተሰጠና አንዲት በሽተኛ ሞተች። እርሷም የጤና ጉዳይ የምትጽፍ ጋዜጠኛ ነበረች። ትእዛዙ በሐኪሞችም፣ በነርሶችም፣ በፋርማሲስቶችም እጅ አልፎ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ፋርማሲስት መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ እንድታዩት ነው። የሚያመሳክርበት የሕክምና ፕሮቶኮል በእጁ የሌለው፣ «ይህ አልገባኝምና አልቀምምም» ለማለት ሥልጣን ያልተሰጠው ፋርማሲስት ከመልእክተኛ አይሻልም።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት ይሰጣል። የሚሰጠው በደም ሥር ብቻ ነው። እነዚሁ ሕፃናት ግን በዚያው ቀን በጀርባቸው፣ በአከርካሪው ውስጥ ባለው ፈሳሽ፣ ሌላ መድኃኒት ይወጋሉ። ሁለት መርፌ በአንድ ሳሕን ላይ ተቀምጦ ሲመጣ፣ የደም ሥሩ ወደ ጀርባ የገባ እንደ ሆነ በሽተኛው ከጥቂቶች በቀር አይተርፍም፤ የሚሞተውም ቀስ ብሎ፣ ከእግሩ ጀምሮ እየሰለለ ነው። በ2001 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም አንድ የ18 ዓመት ወጣት እንዲህ ሞቶ አገሩ ሁሉ ተናውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ያወጣው ምክር እጅግ ቀላል ነው፤ ቪንክሪስቲንን በስሪንጅ አትላኩት፤ በትንሽ የፈሳሽ ከረጢት አድርጋችሁ ላኩት። ከረጢት በጀርባ አይሰጥምና ስሕተቱ ሊሠራ አይችልም። በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የረከሰ ሕይወት አድን ዘዴ ብዙ አላውቅም። ማሽን አይፈልግ፤ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግ። የሚፈልገው መድኃኒቱ ከዋርድ ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ በፋርማሲ ውስጥ እንዲዘጋጅ ነው።

ይህም ወደ ሌላው ጉዳይ ያደርሰኛል። በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ይህን መድኃኒት ስትቀምም የኖረችው ነርሷ ናት። እኔ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል (ስሙን ለመጥራት አልመጣሁም) ሲስተሮቹ በመስኮት አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ተራ ጓንት አድርገው፣ ብልቃጡን በመርፌ እየወጉ ሲቀምሙ በየጧቱ አይ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንዲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ብልቃጡ ሲወጋ በውስጡ ያለው ግፊት ለዓይን የማይታይ ጭጋግ ያወጣል፤ ያን ጭጋግ የምትተነፍሰው እርሷ ናት። በ1979 በፊንላንድ እነዚህን መድኃኒቶች የሚቀምሙ ነርሶች ሽንት ሲመረመር የዘር ለውጥ የሚያመጣ ኃይል ተገኝቶበታል። ከዚያ ወዲህ ነው በሌላው ዓለም አየሩ ወደ ሠራተኛው ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የሚነፍስበት፣ ተጣርቶም የሚወጣበት ልዩ ሣጥን የግድ የሆነው። ሲስተሮቻችን ያለ ምስጋና የተሸከሙትን ሸክም ፋርማሲስቱ ሊቀበላቸው ይገባል ስል፣ ሥራ ልንነጥቃቸው ነው ብሎ የሚተረጉም ሰው ቢኖር እርሱ አንድ ቀን ከጠረጴዛዋ አጠገብ ይቁም።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። የፋርማሲ ትምህርት ቤታችን በ1961 ሲቆም ዓላማው መድኃኒት የሚያውቅ፣ የሚያዘጋጅና የሚያድል ሰው ማውጣት ነበር። አውጥቷልም። ነገር ግን ተመራቂው በሆስፒታል የሚያገኘው ቦታ ከአንዲት መስኮት በስተኋላ ነበር። በሽተኛው ፋርማሲስቱን የሚያውቀው በእጁ ነው፤ ወረቀት የሚቀበል፣ ክኒን የሚመልስ እጅ። ትምህርቱ ወደ በሽተኛው አልጋ የተመለሰው በ2008 ገደማ የአምስት ዓመቱ ፕሮግራም ሲጀመር ነው። ጅማ ደግሞ በክሊኒካል ፋርማሲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በመጀመር ቀድማለች። በአሜሪካ የካንሰር ፋርማሲ ራሱን የቻለ ልዩ ሙያ ሆኖ የታወቀው በ1996 መሆኑን ስናስብ፣ እጅግ የዘገየን አይደለንም።

ሕክምናውም በዚያው ዘመን እየሰፋ ሄዷል። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጋምቤላ የመጣውም፣ ከጎዴ የመጣውም፣ እዚያው አጥር ሥር ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ኋላ ግን በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በሐረርና በመቀሌ የካንሰር ሕክምና ተጀምሯል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2016 እስከ 2020 የሚሠራበትን ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት በአገራችን በዓመቱ ከ77,000 የሚበልጡ ሰዎች አዲስ ታመዋል። ሐኪሞቹ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። እንግዲህ የአንድ ሐኪም ጊዜ የሚበቃው ለምርመራና ለውሳኔ ነው፤ የቀረው ለማን ይቀራል?

የቀረው ምን እንደ ሆነ ከራሴ ሥራ ልንገራችሁ። አንዲት እናት ካፔሲታቢን የሚባል ክኒን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ፣ «ልጄ፣ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ የጧቱን በባዶ ሆዴ ልዋጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ክኒን ምግብ በተበላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው የሚዋጠው። ኢማቲኒብም እንዲሁ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር። በማዘዣው ላይ «በቀን ሁለት ጊዜ» ይላል እንጂ ስለ ጾም አይልም። ተቀምጠን ተነጋገርን፤ በመጨረሻም የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ተስማማን። የነፍስ አባታቸውም ለበሽተኛ እንደሚፈቀድ ነገሩዋቸው። ይህን በመጽሐፍ ከየት ታገኙታላችሁ? ደግሞ ነጭ ደሙ የወረደበት ሰው በበዓል ቀን ጥሬ ሥጋ ተጋብዞ እንዳይበላ የሚነግረው ያስፈልጋል። ጠበል የሚጠጣውንም «ተው» ብሎ ከመቆጣት፣ «ክኒኑን ግን አያቋርጡ» ማለት ይሻላል፤ የተቆጣነው በሽተኛ ወደ ጠበሉ ይሄዳል፣ ወደ እኛም አይመለስም። ለሕመም ማስታገሻ ሞርፊን የታዘዘለት በሽተኛ ቤተ ሰቦች ሱስ ይሆንበታል ብለው ብልቃጡን ይደብቁበታል፤ ሆድ እንደሚያደርቅ አስቀድሞ ስላልተነገራቸው ደግሞ ሲደርቅበት ጭራሽ ይተዉታል። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ግን አንድ የካንሰር በሽተኛ ሕክምናውን ጨረሰ ወይስ አቋረጠ የሚለው በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ይወሰናል።

ስለ ገንዘብም ልናገር፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ስለ ቀሩልኝ። ዶክሶሩቢሲን ባለ 10ና ባለ 50 ሚሊ ግራም ብልቃጥ ሆኖ ይመጣል። ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው 90 ሚሊ ግራም ታዘዘላቸው እንበል፤ በተለያየ ቀን ከመጡና ባለ 50 ብቻ ከተገኘ እያንዳንዷ ሁለት ትገዛለች፤ አሥር አሥሩ ይደፋል። በአንድ ቀን ተቀጥረው በአንድ ንጹሕ ሣጥን ውስጥ በአንድ እጅ ቢቀመምላቸው ግን አምስት ባለ 50ና ሁለት ባለ 10 ይበቃል። የተረፈው የመንግሥት ወይም የድሃ ገንዘብ ነው። በ2017 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርና የክሊንተን የጤና ድርጅት ከሁለት የመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር ተስማምተው ኢትዮጵያ ካለችባቸው ስድስት የአፍሪካ አገሮች ለመንግሥት ገዥዎች ዋጋ እንዲቀንስ አድርገዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ዋጋ የቀነሰለት መድኃኒት በሦስተኛው ዙር ላይ ከመጋዘን ካለቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ለበሽተኛው ሥቃይ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የበሽተኞችን ቀጠሮ የሚያውቅ ፋርማሲስት ከሌለ መጋዘኑ የሚጠይቀው በባለፈው ዓመት ፍጆታ ነው፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ መድኃኒቱ አልነበረምና «ፍጆታው ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ዐይነቱን ሒሳብ የሠራ ሰው ሽልማት ይገባዋል።

እንቅፋቱ ምንድን ነው? አንዱ ሐኪሞች አይቀበሉንም የሚለው ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ምን ልታደርግ መጣህ?» ያለኝ ሐኪም፣ ኩላሊቱ ለደከመ በሽተኛ ሲስፕላቲን እንደ ታዘዘ ካሳየሁት በኋላ፣ ዋርድ ስንዞር ካልመጣሁ ያስጠራኝ ጀመር። ትልቁ እንቅፋት የሥራ መደቡ ነው። አንድ ልጅ ስድስት ወር በካንሰር ክፍል ሠርቶ፣ ፕሮቶኮሉን አውቆ፣ በሽተኞቹን በስማቸው መጥራት ሲጀምር፣ «ተራህ ደርሷል» ተብሎ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ መጋዘኑ ይዛወራል፤ በእርሱም ፈንታ አዲስ ሰው ይመጣል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተለየ ደሞዝ ቀርቶ የተለየ ስም እንኳ በሌለበት ሆስፒታል ማን ይጸናል? ከዚያም ለሽያጭ ወኪልነት ወደ ግል ኩባንያ እንሄዳለን። በሚሄዱት ላይ አልፈርድም፤ ልጅ ማሳደግ አለባቸው።

በራሳችን ላይ ግን አንድ ነገር እፈርዳለሁ። በሁለተኛ ዲግሪ ጥናታችን ወደ ካንሰር ዋርድ እንገባለን፤ በበሽተኞች ካርድ ላይ የመድኃኒት ስሕተት ስንት እንደ ሆነ እንቆጥራለን፤ በፐርሰንት እንጽፋለን፤ በውጭ አገር መጽሔት ይታተማል። ያ ዋርድ ግን ውጤቱን አያገኘውም። ሲስተሯ ዛሬም በዚያው መስኮት አጠገብ ናት። ስሕተት ቆጥሮ መሄድ ዘበኛ ሌባውን ቆጥሮ እንደ መተኛት ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩና ለክቡራን መምህራን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ዓመት በካንሰር ክፍሎች የተሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ተዘጋጅቶለት፣ ለዋርዱ ነርሶች በቃል ካልተነገረ በቀር እንደ ተፈጸመ አይቈጠር። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ በሚያስተምርበት ሆስፒታል ቪንክሪስቲን በከረጢት ብቻ እንዲዘጋጅ፣ ዛሬውኑ፣ ልዩ ሣጥን እስኪገዛ ሳንጠብቅ እንጠይቅ። ሣጥኑን የሚፈልጉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ይህ ግን አይጠብቅም። ሦስተኛ፣ በካንሰር ክፍል የሚመደብ ፋርማሲስት ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከቦታው እንዳይነሣ፣ የሥራ መደቡም በስሙ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ በማኅበሩ ስም ለሆስፒታሉ አስተዳደር እንዲላክ። ደብዳቤውን አርቅቄ አምጥቻለሁ፤ ከጸሐፊው ዘንድ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት አንብባችሁ የምትጨምሩት ወይም የምትሠርዙት ካለ በኅዳጉ ላይ ጻፉ፤ የሕግ ተማሪዎች በተለይ ሁለተኛውን አንቀጽ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።